ካምፒሎባክተር በዶሮና በሰው፦ «ሕመም አምጪ ጂን» የሚለው ስያሜ ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ ካምፒሎባክተር ጀጁኒ ስለተባለው፣ ከዶሮ ወደ ሰው ተሻግሮ ተቅማጥ ስለሚያስከትለው ባክቴሪያ ነው። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ አንድን ጂን «ሕመም አምጪ» ብለን ስንሰይም ስለ ጂኑ ምን ማለታችን ነው? መልሱን ከታሪኩ እንፈልግ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1886 ቴዎዶር ኤሸሪክ ሙኒክ ውስጥ በተቅማጥ ከሞቱ ሕፃናት ትልቁ አንጀት ጠመዝማዛ ባክቴሪያዎችን በማይክሮስኮፕ አየ፤ ሊያራባቸው ግን አልቻለም። በዚያ ዘመን በቤተ ሙከራ ያልተራባ ተሕዋስ የበሽታ መንስኤ መሆኑን ማስረዳት አዳጋች ነበር። በ1957 አሜሪካዊቷ ኤልዛቤት ኪንግ ከሕሙማን ደም ከተገኙት ጠመዝማዛ ባክቴሪያዎች መካከል በ42 ዲግሪ ሴልሺየስ በደንብ የሚያድጉትን ለይታ ገለጸች። ይህ ሙቀት ለዶሮ የሰውነት ሙቀት የቀረበ ነው።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ብራስልስ ውስጥ ዣን ፖል ቡትዝለርና ባልደረቦቹ የሰገራ ናሙናን በረቂቅ ማጣሪያ አሳልፈው ባክቴሪያውን ማራባት ቻሉ። በ1977 ደግሞ እንግሊዛዊው ማርቲን ስኪሮው ሌሎች ባክቴሪያዎችን የሚገቱ መድኃኒቶች የተጨመሩበት ማራቢያ አዘጋጅቶ ከ803 የተቅማጥ ሕሙማን በ57ቱ አገኘው፤ ተቅማጥ ካልነበራቸው 194 ሰዎች ግን በአንዱም አላገኘውም። ኤሸሪክ ካየው 91 ዓመት አልፎ ነበር። በሽታው «አዲስ» ተባለ፤ አዲሱ ግን ማራቢያው ነበር።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው «አለ ወይ?» ከሚለው «በምን ይጎዳል?» ወደሚለው ዞረ። በ1996 ሲዲቲ የተባለውን መርዝ የሚያሠሩት ሦስት ጂኖች ተገለጹ፤ መርዙ የሕዋሱን ዲኤንኤ እየጎዳ መከፋፈሉን ያስቆማል። በ1997 ባክቴሪያው ከሕዋስ ጋር የሚጣበቅበትን ፕሮቲን የሚያሠራው ካድኤፍ የተባለ ጂን ተገለጸ። በ2000 የባክቴሪያው ሙሉ ጂኖም፣ 1,641,481 ጥንድ የዲኤንኤ ፊደላት፣ ተነቦ ወጣ።

ስያሜው የተፈተነው ወደ ዶሮው ሲኬድ ነው። በ1999 በታተመ ጥናት ካድኤፍ የተበላሸበት ባክቴሪያ ለጫጩቶች ሲሰጥ አንጀታቸው ውስጥ ሊሰፍር አልቻለም። በሰው ላይ የሕመም መሣሪያ ያልነው ጂን በዶሮ ዘንድ የማደሪያ መሣሪያ ነው ማለት ነው። ዶሮዋ ባክቴሪያውን በብዛት ተሸክማ ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ሆና ትኖራለች፤ ሰው ግን በጥቂት መቶዎቹ ሊታመም ይችላል። ስለዚህ ሕመም አምጪነት በጂኑ ላይ ብቻ የተጻፈ ጠባይ ሳይሆን ባክቴሪያው ከሚያድርበት አካል ጋር ያለው ግንኙነት ነው።

ይህ ለሥራችን ትርጉም አለው። ካድኤፍና ሲዲቲ ከዶሮም ከሰውም በተለዩ ባክቴሪያዎች ላይ በብዛት ይገኛሉ። አንድ ተማሪ በፒሲአር ከዶሮ ናሙና ቢያገኛቸው ባክቴሪያው ሊጎዳ የሚችልበትን አቅም አሳየ እንጂ ማን እንደሚታመም አልተነበየም። «ጂኑ ተገኘ» ከሚለው ውጤት «አደገኛ ነው» ወደሚለው ድምዳሜ ከመሻገራችን በፊት የባክቴሪያውን ብዛት፣ የሚተላለፍበትን መንገድና የሰውየውን ሁኔታ መጠየቅ ይገባናል።

የመንገዱን ክብደት ቤልጂየም አሳይታለች። በ1999 በዲዮክሲን ብክለት ምክንያት የአገሪቱ የዶሮ ሥጋ ከገበያ ሲነሣ የካምፒሎባክተር ሕሙማን ቁጥር 40 በመቶ ያህል ቀነሰ። የባክቴሪያው ጂኖች አልተለወጡም፤ የተቋረጠው መንገዱ ነው።

በእኛ ማዕድ ቤትም ነገሩ ይኸው ነው። ዶሮ ወጥ በእሳት ላይ ብዙ ስለሚቆይ ሥጋት የሚሆነው በአብዛኛው ወጡ ሳይሆን ጥሬውን ዶሮ ያገኘው እጅ፣ ቢላዋና መክተፊያ፣ ሳይታጠብ ወደ ሰላጣው ሲያልፍ ነው። በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠብም የሚረጨውን ውኃ አያነጻውም። እንግዲህ ጂን ስትፈልጉ፣ ጂኑ ከዶሮው ወደ ሰው የተጓዘበትን መንገድም አብራችሁ መዝግቡ።