የቤት ባለቤትነት ፖሊሲና የአነስተኛ ከተሞች ነዋሪ የመክፈል አቅም፤ ቢቸናና ሞጣ እንደ ማሳያ

በምሥራቅ ጎጃም ዞን የሚገኙት የቢቸናና የሞጣ ከተሞች ከደጀን ተነስቶ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ የተቆረቆሩ የአስተዳደርና የንግድ ማዕከላት ናቸው። ቢቸና የእነማይ ወረዳ መቀመጫ ስትሆን፣ ሞጣ ደግሞ ለሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ተመሳሳይ አገልግሎት ስትሰጥ የኖረች ከተማ ናት። ሁለቱም በጤፍ ምርት በሚታወቅ አካባቢ የሚገኙ በመሆናቸው ገበያቸው ከዙሪያው አርሶ አደር ጋር የተሳሰረ ነው።

በእንዲህ ዓይነት ከተሞች መምህሩ፣ የጤና ባለሙያው፣ የፍርድ ቤት ሠራተኛውና የግብርና ባለሙያው ከነዋሪው ቁጥር ከፍተኛ ድርሻ አላቸው። የአብዛኛዎቹ ገቢ በወር ደመወዝ የተወሰነ ነው። በመሆኑም የቤት ባለቤትነት ጥያቄ ሠራተኛው በተመደበበት ከተማ ተረጋግቶ ለመሥራት፣ በጡረታ ዘመኑም ከኪራይ ተላቅቆ ለመኖር ከሚኖረው ዕድል ጋር በቀጥታ ይያያዛል። ይህ ጽሑፍ በጉዳዩ ላይ የወጡትን ዋና ዋና ሕጎችና ፕሮግራሞች፣ እንዲሁም በአነስተኛ ከተሞች አፈጻጸም ላይ የሚታዩትን ችግሮች ይዳስሳል።

ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ እስከ ሊዝ ሥርዓት

የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የወጣው በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. ነበር። አዋጁ አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ አንድ ቤት ብቻ እንዲኖረው፣ ለቤት መሥሪያ የሚያገኘው ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ደንግጓል። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ትርፍ ቤቶች በቀበሌ እንዲተዳደሩ ተደርጓል፤ ከዚያ በላይ የሚከራዩት ደግሞ ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጥተዋል። ዛሬም «የቀበሌ ቤት» በሚል ስያሜ የሚታወቁት ቤቶች መነሻ ይኸው አዋጅ ነው።

የቀበሌ ቤቶች ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ወገኖች ከፍተኛ እፎይታ መስጠታቸው አይካድም። ይሁን እንጂ የሚሰበሰበው ኪራይ ለጥገና እንኳን የሚበቃ ባለመሆኑ ቤቶቹ በጊዜ ብዛት ለጉዳት ተዳርገዋል። በዚያው ዘመን የቤቶችና ቁጠባ ባንክ ለግለሰቦችና ለቤት ሠሪ ማኅበራት ብድር ሲያቀርብ ቆይቷል። ባንኩ ከጊዜ በኋላ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ የተባለ ሲሆን፣ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋህዷል። በዚህም ሀገሪቱ ለቤት ብድር ተለይቶ የቆመ የመንግሥት ባንክ ሳይኖራት ቀርታለች።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን አጽንቷል። ከዚያ በፊት በአዋጅ ቁጥር 80/1986 የተጀመረው የከተማ ቦታ የሊዝ ሥርዓት በአዋጅ ቁጥር 272/1994፣ ቀጥሎም በአዋጅ ቁጥር 721/2004 ተሻሽሏል። የ2004 ዓ.ም. አዋጅ የከተማ ቦታ በጨረታ ወይም በምደባ ብቻ እንዲሰጥ ወስኗል። ለመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመኑ 99 ዓመት ሲሆን፣ አሸናፊው ከጠቅላላ ዋጋው ከ10 በመቶ ያላነሰ ቅድሚያ ክፍያ መፈጸም ይኖርበታል። በጨረታ ለመወዳደር በቂ ገንዘብ የሌለው ሠራተኛ ተስፋ የሚያደርገው በምደባው መንገድ ነው፤ አዋጁ በመንግሥት ለሚወሰኑ የራስ አገዝ የጋራ መኖሪያ ቤት ግንባታዎች ቦታ በምደባ እንዲሰጥ ፈቅዷል።

አዋጁ ለሊዝ ሥርዓት ዝግጁ ላልሆኑ ከተሞች ከአምስት ዓመት ያልበለጠ የሽግግር ጊዜ እንዲሰጥ መፍቀዱም ይታወሳል። ይህ ድንጋጌ የትላልቅ ከተሞች ሕግ በአነስተኛ ከተሞች እንዳለ ሊተገበር እንደማይችል በሕግ አውጪው ዘንድ ግንዛቤ እንደነበረ ያመለክታል።

የጋራ መኖሪያ ቤቶችና የክልል ከተሞች

የተቀናጀ የቤቶች ልማት ፕሮግራም በ1996 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀምሮ ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ ወደ ክልል ከተሞች ተስፋፍቷል። የፕሮግራሙ ዓላማ ቤት መገንባት ብቻ ሳይሆን በጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት አማካይነት ሥራ መፍጠርም ነበር። የሕግ መሠረቱ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰዎች ሰፈራ ፕሮግራም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ባወጣው ጥናት፣ እስከዚያ ድረስ በሀገሪቱ ወደ 171 ሺህ የሚጠጉ ቤቶች መገንባታቸውን አመልክቷል።

ይሁን እንጂ በ2002 ዓ.ም. ገደማ ፕሮግራሙ ከአዲስ አበባ ውጪ እንዲቆም ተደርጓል። ለዚህ በምክንያትነት የተጠቀሱት በክልል ከተሞች ያለው ነዋሪ ለመክፈል ያለው አቅም አነስተኛ መሆኑና በፎቅ ቤት የመኖር ፍላጎት ዝቅተኛ መሆኑ ናቸው። ግቢ ያለው ቤት፣ ለእህል ማስጫና ለከብት ወይም ለዶሮ የሚሆን ቦታ የለመደ ቤተሰብ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ስቱዲዮ ቢያመነታበት የሚያስገርም አይደለም።

በአዲስ አበባ በ2005 ዓ.ም. በ10/90፣ በ20/80 እና በ40/60 ፕሮግራሞች የተካሄደው ምዝገባ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ስቧል። የቤቶቹ አቅርቦት ግን ከፍላጎቱ ጋር ሊጣጣም አልቻለም። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው የ20/80 ዕጣ በመረጃ ሥርዓቱ ላይ በተፈጸመ ማጭበርበር ምክንያት ተሰርዞ በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና መውጣቱ፣ ፍላጎትና አቅርቦት ሲራራቁ የአሠራር ታማኝነት ምን ያህል ለአደጋ እንደሚጋለጥ አሳይቷል።

በማኅበር ተደራጅቶ መሥራት

የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም ከተቋረጠ በኋላ በአማራ ክልል ከተሞች ለመንግሥት ሠራተኛው ዋነኛ አማራጭ ሆኖ የቆየው በመኖሪያ ቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር መደራጀት ነው። ማኅበራቱ የሚመሩበት የፌዴራል ሕግ በአሁኑ ጊዜ አዋጅ ቁጥር 985/2009 ነው። አባላቱ በቅድሚያ ቤት ወይም የቤት መሥሪያ ቦታ እንደሌላቸው ይጣራል፤ የግንባታውን ወጪ የተወሰነ ድርሻም በባንክ በዝግ ሒሳብ ያስቀምጣሉ። ከዚያም ቦታው ተሸንሽኖ በዕጣ ይተላለፍላቸዋል።

ይህ አሠራር ሁለት ጥቅሞች አሉት። አንደኛ፣ ሠራተኛው ከጨረታ ውድድር ወጥቶ ቦታ ያገኛል። ሁለተኛ፣ ቤቱን እንደ አቅሙ በየደረጃው ሊገነባ ይችላል። በሌላ በኩል ጉድለቶችም አሉበት። በዝግ ሒሳብ የተቀመጠው ገንዘብ ቦታው እስኪሰጥ ድረስ በዘገየ ቁጥር በግንባታ ዕቃ ዋጋ ንረት ምክንያት የመግዛት ኃይሉን ያጣል። ለአብነት ከሁለት ዓመት በፊት ለመሠረትና ለግድግዳ ይበቃል ተብሎ የተቀመጠ ገንዘብ ቦታው በተረከበበት ዕለት ከመሠረት ላያልፍ ይችላል። ስለሆነም የከተማ አስተዳደሮች የቦታ ዝግጅት ፍጥነት ራሱ የቤት ዋጋ አካል ነው።

ደመወዝ ምን ያህል ቤት ይሸከማል?

ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ተግባራዊ በሆነው የደመወዝ ማሻሻያ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ብር ወደ 6,000 ብር፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ምሩቅ መነሻ ደመወዝ ደግሞ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ መሠረት ከ11,500 ብር ላይ 2,100 ብር ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ሲቀነስ 8,595 ብር ይቀራል። ለቤት ብድር ሊውል የሚችለው የተጣራ ገቢ ሲሶ ነው ተብሎ ቢወሰድ በወር 2,865 ብር ይሆናል።

ይህ ገንዘብ በ15 ዓመት በሚከፈልና 15 በመቶ ዓመታዊ ወለድ በሚታሰብበት ብድር ሲሰላ ሊሸከም የሚችለው ዋና ብድር ወደ 205 ሺህ ብር ነው። ወለዱ 8 በመቶ ቢሆን ግን ያው ወርኃዊ ክፍያ ወደ 300 ሺህ ብር ይሸከማል። ባልና ሚስት በተመሳሳይ ደመወዝ የሚሠሩ ከሆነ መጠኑ እጥፍ ይሆናል። በዝቅተኛው የ6,000 ብር ደመወዝ ለሚሠራ ጥበቃ ወይም የጽዳት ሠራተኛ የተጣራው ገቢ 4,880 ብር በመሆኑ፣ በ15 በመቶ ወለድ ሊሸከም የሚችለው ብድር ወደ 116 ሺህ ብር ብቻ ነው።

ስሌቱ የሚያስረዳው ቁም ነገር የቤት ባለቤትነት በቦታ አቅርቦት ብቻ የማይፈታ መሆኑን ነው። የወለድ ልዩነት ብቻ የአንድን ሠራተኛ አቅም በግማሽ ገደማ ሊያሳድገው ይችላል። ሆኖም የረጅም ጊዜ ብድር ምንጭ ጠባብ ነው። ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለመግታት በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ገድቦ የነበረ ሲሆን፣ ገደቡ በኋላ ደረጃ በደረጃ ላላ ተደርጓል። ለቤት ብድር የተለየው የመጀመሪያው የግል ባንክ ጎህ ቤቶች ባንክ በ2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ በክልሉ ገጠርና ከተማ ሰፊ ተደራሽነት የነበረው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋምም በዚያው ዓመት ፀደይ ባንክ ሆኗል። በአነስተኛ ከተሞች ያለውን ቁጠባ ወደ ቤት ብድር ለመመለስ እንዲህ ያሉ ተቋማት የሚኖራቸው ድርሻ ቀላል አይደለም።

መሬት፣ ካሳና የዙሪያው አርሶ አደር

ቢቸናም ሆነች ሞጣ ሲሰፉ የሚሰፉት ወደ እርሻ ማሳ ነው። ለአንድ የቤት ሠሪ ማኅበር የሚሸነሸነው ቦታ ትናንት ጤፍ ወይም ስንዴ ሲዘራበት የነበረ ሊሆን ይችላል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 በቋሚነት ከመሬቱ ለሚነሳ አርሶ አደር፣ ከመነሳቱ በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ የመፈናቀያ ካሳ እንዲከፈለው ያዛል። ቀደም ሲል በነበረው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ክፍያው የአምስት ዓመት አማካይ ገቢ በ10 ተባዝቶ ነበር።

ማሻሻያው ለአርሶ አደሩ የተሻለ ፍትሕ የሰጠ ነው። በአንጻሩ ገቢው ውስን ለሆነ የከተማ አስተዳደር ቦታ የማዘጋጀት ወጪ ጨምሯል። ካሳው በወቅቱ ካልተከፈለ የሚጎዳው ማሳውን የለቀቀው አርሶ አደርና ቦታውን የሚጠባበቀው ሠራተኛ በአንድነት ነው። ሕጋዊው በር በተዘጋ ቁጥር በከተማ ዳርቻ ከሕግ ውጪ የመሬት ግዥና ግንባታ ይስፋፋል፤ ይህን ለማስቆም በኋላ የሚወጣው ወጪ በቅድሚያ ቦታ ለማዘጋጀት ከሚወጣው የሚያንስ አይደለም።

የግንባታ ደረጃና ቁሳቁስ

በአካባቢው የተለመደው ቤት ከባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ተሠርቶ በጭድ በተቦካ ጭቃ የሚመረግ፣ ጣሪያውም ቆርቆሮ የሚለብስ ነው። እንጨቱና ጭቃው በቅርብ ስለሚገኙ ወጪው ከብሎኬት ቤት ያነሰ ነው። ቆርቆሮ፣ ምስማር፣ ፌሮ ብረትና ሲሚንቶ ግን ከሩቅ የሚጓጓዙ ናቸው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ከውጭ በሚገቡ የግንባታ ግብዓቶች ዋጋ ላይ ተጽዕኖ አሳድሯል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተከሰተው የፀጥታ ችግርም የትራንስፖርት እንቅስቃሴን በማስተጓጎል ጫናውን አባብሶታል።

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ባለ አንድ ወለሉን አነስተኛ ቤት ቀለል ባለው ምድብ «ሀ» ውስጥ አስቀምጧል። ከተሞች የዲዛይንና የቁሳቁስ መሥፈርት ሲያወጡ ይህንን መለየት ይጠቅማል። በጥሩ የድንጋይ መሠረት ላይ የቆመና ከእርጥበት የተጠበቀ የጭቃ ቤት ለረጅም ዘመን ያገለግላል። ሁሉም ቤት በብሎኬትና በአርማታ እንዲሠራ የሚያስገድድ መሥፈርት ለከተማው ገጽታ ቢጠቅምም አነስተኛ ደመወዝ ያለውን ሠራተኛ ከተጠቃሚነት ሊያስወጣ ይችላል።

የኪራይ ቁጥጥርና የሌሎች ሀገሮች ተሞክሮ

ቤት ሠርቶ እስኪገባ ድረስ ሠራተኛው ተከራይ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። አዋጁ በትክክል ከተፈጸመ ሠራተኛው ለቤት ሥራ የሚቆጥበው ገንዘብ በድንገተኛ የኪራይ ጭማሪ እንዳይበላ ይረዳል።

ከሌሎች ሀገሮች ልምድ ሲታይ፣ ሲንጋፖር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 የቤቶች ልማት ቦርድ አቋቁማ፣ ከ1968 ጀምሮ ሠራተኞች የግዴታ የጡረታ ቁጠባቸውን ለቤት ግዥ እንዲያውሉ ፈቅዳለች። ጎረቤት ኬንያ በ2024 ባወጣችው ሕግ ከሠራተኛው ደመወዝ 1.5 በመቶ፣ ከአሠሪውም ያንኑ ያህል ለቤት ልማት እንዲሰበሰብ ደንግጋለች። ሁለቱም መንገዶች የቤት ልማት ቋሚና ረጅም ዘመን የሚዘልቅ የገንዘብ ምንጭ እንደሚሻ ያመለክታሉ።

ማጠቃለያ

ካለፉት አምስት አሥርት ዓመታት አፈጻጸም መረዳት የሚቻለው፣ ለአዲስ አበባ የተቀረጸ ፕሮግራም ለቢቸናና ለሞጣ በቀጥታ የሚስማማ አለመሆኑን ነው። አነስተኛ ከተሞች ከዋና ከተማዋ የተሻለ ዕድል የሚሰጣቸው የአካባቢ ቁሳቁስና በማኅበር የመሥራት ልምድ አላቸው። የሚጎድላቸው ካሳው በወቅቱ ተከፍሎ የተዘጋጀ ቦታ፣ የደመወዝተኛውን አቅም ያገናዘበ ብድርና እንደ ከተማው ሁኔታ የተስተካከለ የግንባታ መሥፈርት ነው። እነዚህ ሦስቱ በአንድነት ካልተጓዙ የቦታ ዕጣ የወጣለት ሠራተኛ ካርታውን ይዞ ኪራይ መክፈሉን ይቀጥላል። በመሆኑም በየደረጃው ያሉ የመሬት አስተዳደር፣ የኅብረት ሥራና የፋይናንስ ተቋማት ዕቅዳቸውን ሲያዘጋጁ የተሰጠውን ቦታ ብዛት ብቻ ሳይሆን ተገንብቶ ሰው የገባበትን ቤት ቁጥር በመለኪያነት ሊወስዱ ይገባል።