ወርቅ ላበደረ ጠጠር፦ የገበቴው ታሪክ

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

ከምንኖርባት ከዌስተርቪል ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ያህል በመኪና ሲኬድ ቤልቪል የምትባል ትንሽ ከተማ ትገኛለች። በአካባቢዋ በሚፈሰው በክሊር ፎርክ ወንዝና በገባሮቹ ውስጥ፣ በሞቃቱ ወራት፣ ጡረተኞችና ሕፃናት ሳይቀሩ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው አሸዋ በሳህን ያንገዋልላሉ። የሚፈልጉት ወርቅ ነው። ይህ ወርቅ ከኦሃዮ ምድር የፈለቀ አይደለም፤ በጥንቱ የበረዶ ዘመን ግግር በረዶ ከካናዳ እየገፋ ያመጣው ብናኝ ነው። ቀኑን ሙሉ የደከመ ሰው የሚያገኘው ጥቂት ቅንጣት የቤንዚኑን ዋጋ እንኳ አይመልስለትም። ይሁን እንጂ ማንም አይከፋም፤ ጨዋታ ነውና። የባለ መሬቱን ፈቃድ እስካገኘ ድረስ ቅንጣቱን በብልቃጥ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። የሚፈትሸው ዘብ፣ የሚቀበለው ሹም የለም።

በእርግጥ አሜሪካም እዚህ የደረሰችው በጨዋታ አይደለም። በ1848 በካሊፎርኒያ ወርቅ ሲገኝ የአገሩ ተወላጆች ከርስታቸው ተነቅለዋል፤ ብዙዎችም ተጨፍጭፈዋል። በ1850 የወጣው ሕግ ደግሞ የውጭ አገር ወርቅ ፈላጊ በወር 20 ዶላር እንዲከፍል አስገድዶ ነበር። እኛን የሚያስቆጨን ግን ሌላ ነው። ያው ሥራ፣ ያው ውሃ፣ ያው አሸዋ፣ እዚህ የሽርሽር መዝናኛ ሲሆን በአገራችን የግፍ ታሪክ ሆኖ መቅረቱ ነው።

የሥራው ጥበብ በሁለቱም አገር አንድ ነው። ወርቅ ከውሃ 19 እጥፍ ያህል ይከብዳል፤ ተራ አሸዋ ግን ሦስት እጥፍ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የወንዙን አሸዋ በገበቴ አድርገው በውሃ ሲያዞሩት ቀላሉ እየፈሰሰ ይሄዳል፤ ከሥር ጥቁር አሸዋና ወርቅ ይቀራል። የአዶላና የቤኒ ሻንጉል ወርቅ አጣቢ ይህን የተማረው ከማንም ፈረንጅ አይደለም።

በ6ኛው መቶ ዓመት ወደ አክሱም ግዛት የመጣው የግሪክ ነጋዴ ኮስማስ ስለዚህ ወርቅ የጻፈው ምስክርነት እስከ ዛሬ አለ። የአክሱም ንጉሥ ነጋዴዎች በአገው ገዥ በኩል አልፈው ሳሱ ወደሚባል አገር ይወርዱ ነበር። በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ሄደው የእሾህ አጥር ያጥራሉ፤ በሬውን አርደው ሥጋውን፣ ጨውንና ብረቱን በአጥሩ ላይ ያስቀምጣሉ። የአገሩ ሰው መጥቶ በወደደው ዕቃ ላይ ግብጦ የሚያህል የወርቅ ጥሬ አኑሮ ይመለሳል። ነጋዴው ዋጋው ከበቃው ወርቁን ያነሣል፤ ካልበቃው ትቶት ይርቃል። ባለ ወርቁም ተመልሶ ወይ ይጨምራል፣ ወይ ወርቁን አንሥቶ ይሄዳል።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ልብ በል። የሳሱ ሰው ወርቁን አንሥቶ የመሄድ መብት ነበረው። ከ1,400 ዓመታት በላይ ያለፈው ታሪካችን ይህ መብት እንዴት እንደተነጠቀ የሚናገር ታሪክ ነው።

በ1820 እና በ1821 የግብፁ መሐመድ ዓሊ ሱዳንን የወረረው ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ነበር፤ እጁም እስከ ቤኒ ሻንጉል ዳርቻ ተዘርግቷል። በ1897 እና በ1898 ደግሞ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ትእዛዝ ራስ መኰንን ወደዚያው ዘመቱ። የአካባቢው ገዥ ሼኽ ኾጀሌ አል ሐሰን ተይዘው ታሰሩ፤ ኋላም ተፈትተው ግብራቸውን በወርቅ እያስገቡ ገዙ። ወርቁን ከወንዝ ያወጡ ከነበሩት መካከል ግን ባሮች ነበሩ። ስለ አድዋ ድል የምንኮራ ሁሉ ይህንንም ገጽ መግለጥ ይገባናል። የራሳችንን ነገሥታት ጥፋት ሸፍነን የዛሬዎቹን ገዥዎች ብቻ ብንከስስ ለፕሮፓጋንዳ እንጂ ለታሪክ አልቆምንም።

ከጣሊያን መባረር በኋላ ተራው የአዶላ ሆነ። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዋነኛ የወርቅ ምንጭ ይኸው የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መሬት ነበር። ሠራተኛው በጥብቅ ጥበቃ ሥር፣ እጅግ በከፋ ኑሮ፣ የራሱ ያልሆነ ወርቅ ሲያጥብ ኖረ። ደርግ በ1975 መሬትን ለሕዝብ አደረግሁ ብሎ ሲያውጅም የአዶላ ወርቅ አጣቢ የለወጠው ጌታውን እንጂ ዕጣውን አልነበረም።

የኢሕአዴግ አገዛዝ የለገደምቢን የወርቅ ማዕድን በ1997 በ172 ሚሊዮን ዶላር ለሚድሮክ ሸጠ። የሻኪሶ እናቶች ፅንስ እየጨነገፈብን ነው፣ ልጆቻችን አካለ ጎዶሎ ሆነው እየተወለዱ ነው እያሉ ለዓመታት ጮኹ። ሰሚ ያገኙት ሕዝቡ አደባባይ ሲወጣና በግንቦት 2018 ፈቃዱ ሲታገድ ነበር። በ2021 ማዕድኑ ተመልሶ ተከፈተ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2023 ባወጣው ዘገባ ብክለቱ ለረጅም ጊዜ ችላ መባሉን አመልክቷል።

በ2008 የሆነውንም የሚረሳ የለም። ከብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተላከው ወርቅ፣ በወርቅ የተለበጠ ብረት ሆኖ ተገኝቶ ተመለሰ። የባንክ ኃላፊዎችና የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ታሰሩ። የድኻው አጣቢ ቅንጣት በሚዛን ተመርምሮ ሲገባ፣ የአገር ካዝና ግን ብረትን በወርቅ ዋጋ ተቀበለ። አበው «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ያሉት ተረት እንዲህ በግልጽ የታየበት ጊዜ የለም።

ዛሬስ? ከሐምሌ 2024 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ በነበረው የበጀት ዓመት ከወርቅ ሽያጭ ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ መገኘቱ ተነግሯል፤ ከዚህም ብዙው በባህላዊ አምራቾች እጅ የወጣ ነው። በ1995 ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። መንግሥት ድርሻውን መውሰዱን አውቀናል። የሕዝቡ ድርሻ ግን የት ነው? በትግራይ ከ2022ቱ ስምምነት ወዲህ ሕገ ወጥ ቁፋሮ ተስፋፍቷል፤ ሜርኩሪና ሳያናይድ ወንዙንና ከብቱን እየመረዘ ነው የሚል አቤቱታም ይሰማል።

እኛ በስደት ያለን ኢትዮጵያውያን «አገራችን በወርቅ ላይ የተኛች ናት» ማለት እንወዳለን። ነገር ግን በወርቅ ላይ የተኛ ሕዝብ የለንም፤ ወርቅ እያጠበ በባዶ ገበቴ የሚመለስ ሕዝብ ነው ያለን። ስለዚህ ትግላችን ባለ ሥልጣን በባለ ሥልጣን ለመተካት ብቻ ከሆነ የአዶላው ሰው ምን ተጠቀመ? የማዕድን ውሎች ሁሉ በአደባባይ ይገለጡ። በማዕድን ዳርቻ ያለ ሕዝብ እሺም እምቢም የማለት ሥልጣን ይኑረው። የተመረዘ ይካስ። የሳሱ ሰው በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረውን መብት የሻኪሶና የአሶሳ ሰው በ21ኛው መቶ ዓመት ቢጠይቅ ቅንጦት አይባልም።

ኢትዮጵያ ለዘለዓለም ትኑር!

ዌስተርቪል፣ ኦሃዮ