ያሸነፉትን ጠላት መቀለብ

ትናንት ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሳስተምር አንድ ልጅ ከኋላ ወንበር እጁን አወጣና "ቲቸር፣ አሜሪካ ጀርመንን አሸንፋ ስታበቃ መልሳ የገነባቻት ሞኝ ሆና ነው?" አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። መልስ ሳልጨርስ ደወል ተደወለ። እውነቱን ለመናገር እኔም ለዓመታት "ማርሻል ፕላን" ብዬ በሁለት መስመር ነው የማልፈው፤ የቀድሞ ተማሪዎቼ ይቅርታ። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ነገሩ በደግነት አልተጀመረም። በ1944 የአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት ሞርገንታው ያቀረቡት ዕቅድ የጀርመንን ከባድ ኢንዱስትሪ አፍርሶ አገሪቱን የእርሻና የግጦሽ ምድር ማድረግ ነበር። ሶቪየቶችም በያዙት ክፍል ፋብሪካ እየነቀሉ በባቡር ወደ አገራቸው ጫኑ። ጀርመን በምድራቸው ላይ ያደረሰችውን ለሚያውቅ ሰው ይሄ አይገርምም።

ከዚያ ሂሳቡ መጣ። አገር ይዘህ ስትገዛ ሕዝቡን ማብላትም ያንተ ጣጣ ይሆናል። እንግሊዝ እንኳን በጦርነቱ ዘመን በራሽን ያላደረገችውን ዳቦ፣ አሸናፊ ከሆነች በኋላ፣ በሐምሌ 1946 በራሽን አደረገችው! የዓለም እህል እጥረት ነበር፤ በዚያ ላይ እሷ የያዘችው የጀርመን ክፍል ቀለብ ይፈልጋል። የለንደን ሰው ትናንት ቦምብ ሲጥልበት ለነበረው አገር እህል እየተቆጠረበት ማለት ነው። ይሄን ሳነብ መጽሐፉን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ።

በ1947 መጀመሪያ ትሩማን የቀድሞውን ፕሬዚዳንት ሁቨርን ልከው አስጠኑ። ሁቨር ያሉት በአጭሩ፦ ጀርመንን የግጦሽ አገር ለማድረግ 25 ሚሊዮን ሰው መጥፋት ወይም መውጣት አለበት። ጎረቤቶቿም ቢሆኑ ያለ ሩር ከሰልና ያለ ጀርመን ማሽን መነሳት አቅቷቸው ነበር። በዚያ ላይ የተራበ ሕዝብ ወደ ስታሊን ይሄዳል የሚል ስጋት አለ። የ1919ኙ የቬርሳይ ውልም ገና አልተረሳም፤ ካሳው አልከፈል ሲል ፈረንሳይና ቤልጅየም በ1923 ሩርን በወታደር ያዙ፣ ማርክ ወረቀት ሆነ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ሂትለር ሥልጣን ላይ ወጣ።

ማርሻል ዕቅዱን በሰኔ 1947 ያሳወቁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ደግሞ ከገንዘቡ ትልቁን ድርሻ የወሰደችው ጀርመን አይደለችም፤ እንግሊዝ ናት፣ ቀጥላም ፈረንሳይ።

እና ልጄ፣ ሞኝስ አልነበሩም። ሰኞ ግን "ታዲያ ኢራቅስ?" እንደምትለኝ ከወዲሁ አውቄዋለሁ። ቅዳሜና እሁድን በሱ ላይ ነኝ።