ግጥምና ዜማ፦ ሕዝብ

አሮጌ የሙዚቃ ካሴት እጁ የገባ አንባቢ እስቲ ሽፋኑን ገልብጦ ይመልከት። ከአንዳንዱ ዘፈን ርዕስ ጎን «ግጥምና ዜማ፦ ሕዝብ» የሚል ያገኛል። ድምፃዊው ስም አለው፤ ባንዱም ስም አለው፤ ያሳተመው ሙዚቃ ቤትማ አድራሻው ሳይቀር ተጽፏል። ለመሆኑ ይህ «ሕዝብ» የተባለው ደራሲ ማን ነው?

መልሱን ለመፈለግ ዓባይን ተሻግረን ወደ ቢቸናና ሞጣ መዝለቅ ይኖርብናል። አገሩ የቅኔ አገር ነው። በዲማ ጊዮርጊስ ጉባኤ የዋለ ተማሪ የቀደመ ሊቅ ቅኔ ሲነግር የባለቅኔውን ስም አብሮ ይጠራል። ከጉባኤው ውጭ ግን ሌላ ገጣሚ አለ፤ አዝማሪ ያልሆነ፣ በግጥም እንጀራ የማይበላ፣ ምናልባትም ፊደል ያልቆጠረ። በደቦ አጨዳ ላይ የሚያወጣ ገበሬ፣ ወፍጮ ላይ የምታንጎራጉር ሴት፣ በለቅሶ ቤት ሙሾ የምታወርድ አልቃሽ። ብዙውን ጊዜ መለኪያቸው አንድ ነው፤ ስድስት ቀለም፣ ጥቂት ዕረፍት፣ እንደገና ስድስት ቀለም፣ ከዚያ ቤት መምታት። ይህ ምጣኔ «የወል ቤት» ይባላል። ወል ማለት የጋራ ማለት ነውና ስሙ ራሱ ነገሩን ይናገራል። አንዱ የጀመረውን ሌላው ይጨርሰዋል፤ ያላማረው ስንኝ እዚያው ይረሳል፤ ያማረው ገበያ ይወርዳል። ባለቤቱ ግን መንገድ ላይ ይቀራል።

እነዚህ ሰዎች የገጠሙት ስለ ፍቅርና ስለ መኸር ብቻ አይደለም። ቢቸና የደጃዝማች በላይ ዘለቀ አገር ናት። ጣልያንን በዱር በገደል የተዋጉት አባ ኮስትር ከድል በኋላ ከመንግሥት ጋር ተጣልተው በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀሉ። ፍርዱ ተፈጸመ፤ ሕዝቡ ግን በዘፈን ይግባኝ አለ፤ ይግባኙም እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ሟቹን ሁሉም ያውቃል፤ አልቃሹን ግን በስም የሚጠራ የለም።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። የጎጃም ገበሬ መሬቴ ሊለካ፣ ርስቴ ሊነጠቅ ነው ብሎ ሰጋ፤ ሞጣና ቢቸና ከዳሞት ጋር ካመፁት መካከል ነበሩ። ጦር ዘመተባቸው። በመጨረሻም ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በ1961 ዓ.ም. ጎጃም ወርደው ውዝፉን ግብር ማሩ። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1989 ዓ.ም. ደግሞ መሬት እንደገና ሲደለደል «ቢሮክራሲ» የሚል ስም የወጣላቸው ገበሬዎች ከሌላው ያነሰ እንዲይዙ ተደረገ። የሥነ ቃል ተመራማሪው ጌቴ ገላዬ በምሥራቅ ጎጃም የሰበሰባቸው ግጥሞች ገበሬው ለዚህ ድልድል የሰጠው ምላሽ ናቸው። በስብሰባ ላይ እጅ አውጥቶ ለመናገር የሚያስፈራው በግጥም ተነገረ።

እዚህ ላይ ስም አልባነት ሁልጊዜ መረሳት እንዳልሆነ እንረዳለን። መጠለያም ነው። በስሙ የሚያማርር ሰው ይታሰራል፤ የሁሉም የሆነ ዘፈን ግን መጥሪያ አይደርሰውም፤ ዳኛ ፊትም አይቆምም። «ሕዝብ» የሚለው ስም ያን ገበሬ ከወታደርና ከምስለኔ ሰውሮታል።

ችግሩ ምስለኔው ካለፈም በኋላ ገበሬው ከተሸሸገበት አለመውጣቱ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ የደራሲን መብት ከሞተ በኋላም ሃምሳ ዓመት ይጠብቃል። ስሙ ያልታወቀ ሰው ግን ለየትኛው ወራሹ ይጠበቅለታል? አንድ ጊዜ ለደኅንነት የተከናነቡት ጋቢ ሌላ ጊዜ መገነዣ ይሆናል።

ስለዚህ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው አያቱ ወይም አክስቱ አንድ ያማረ ስንኝ ቢነግሩት፣ ግጥሙን ብቻ ጽፎ አይመለስ። «ማን አለው? በማን ደቦ ላይ? በማን ለቅሶ?» ብሎ ይጠይቅ። ከሁሉም በፊት ግን «የራስዎ ነውን?» ይበል። መልሱ አዎ ሊሆን ይችላል።