የኮሎምበስ ቀን እና የነባር ሕዝቦች ጥያቄ

የኮሎምበስ ቀን በዩናይትድ ስቴትስ በየዓመቱ በኦክቶበር ሁለተኛው ሰኞ ይውላል። የሚታሰበው ክሪስቶፈር ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 12 ቀን 1492 ባሃማስ ደሴቶች የደረሰበት ዕለት ነው። በዓሉ እንዲከበር አጥብቀው የታገሉት የጣሊያን ስደተኞች ነበሩ። በ1891 በኒው ኦርሊንስ የተቆጣ ሕዝብ እስር ቤት ሰብሮ ገብቶ 11 የጣሊያን ተወላጆችን ገደለ። በተከታዩ ዓመት ፕሬዚዳንት ቤንጃሚን ሃሪሰን የጉዞው 400ኛ ዓመት በአገር ደረጃ እንዲከበር አወጁ። የተናቁት ስደተኞች በጄኖቫው መርከበኛ በኮሎምበስ ስም ክብራቸውን አስመለሱ። ኮሎራዶ በ1907 ቀኑን የግዛቲቱ በዓል አደረገች፤ ከ1971 ጀምሮ ደግሞ ሰኞ የሚውል የፌዴራል በዓል ሆነ።

በሂስፓኒዮላ ደሴት ይኖሩ የነበሩት ታይኖዎች ግን ከዚሁ ከኮሎምበስ እጅ የቀመሱት መከራን ነው። በ1495 ኮሎምበስ 500 ያህል ታይኖዎችን ለባርነት ወደ ስፔን አስጫነ፤ 200 ያህሉ ባሕር ላይ አለቁ። ሲባዎ በተባለው የወርቅ አውራጃ ዕድሜው ከ14 ዓመት በላይ የሆነ ሁሉ በየሦስት ወሩ ለአዳኝ ጭልፊት እግር የምትታሰረውን ቃጭል ሞልቶ ወርቅ እንዲገብር ታዘዘ። የገበረ ሰው ምልክት አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፤ ምልክት የሌለው ይቀጣል። ወንዞቹ ግን ያን ያህል ወርቅ አልነበራቸውም። ብዙዎች ማሳቸውን ጥለው ወደ ተራራ ሸሹ፤ ረኃብም ተከተለ። ከ1518 መጨረሻ ጀምሮ የተዛመተው ፈንጣጣ ከተረፉት ብዙዎቹን ፈጀ።

የበዓሉ ደጋፊዎች ኮሎምበስ በዘመኑ ሚዛን ሊመዘን ይገባል ይላሉ። ይሁንና በዚያው ዘመን ንግሥት ኢዛቤላ በ1500 ከተወሰዱት ባሪያዎች አንዳንዶቹ ነጻ ወጥተው እንዲመለሱ አዝዛለች፤ መነኩሴው ባርቶሎሜ ደ ላስ ካሳስም በታይኖዎች ላይ የተፈጸመውን ግፍ ጽፎ በ1552 አሳትሟል። ግፉን ግፍ ለማለት የዛሬ ሰው መሆን አላስፈለገም።

ቀኑ የነባር ሕዝቦች መታሰቢያ ይሁን የሚለው ሐሳብ በ1977 በጄኔቫ በተደረገ ጉባኤ ቀረበ። ሳውዝ ዳኮታ በ1990 የበዓሉን ስም ለወጠች፤ የካሊፎርኒያዋ በርክሊ ከተማ በ1992 የነባር ሕዝቦችን ቀን አከበረች። ቬኔዝዌላ በ2002 ኦክቶበር 12ን የነባር ሕዝቦች ተጋድሎ ቀን ብላ ሰየመች። ኮሎራዶ በ2020 የኮሎምበስን ቀን ሽራ ስደተኞችን ባገለገለችው ጣሊያናዊት መነኩሲት በፍራንሲስ ካብሪኒ ስም አዲስ በዓል ደነገገች። የጣሊያን ስደተኞች ክብር የሌላውን ሕዝብ ቁስል ሳይነካ ሊከበር እንደሚችል ይህ ማስረጃ ነው። በ2021 ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን የነባር ሕዝቦችን ቀን በአዋጅ ያሰቡ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ አዋጁ ግን የፌዴራሉን ሕግ ስላልለወጠ በዓሉ በሕግ የኮሎምበስ ቀን እንደተባለ ቀጠለ።