አዳም በ40፣ ሔዋን በ80



ባለፈው ቅዳሜ ቁጥር ስናስተምር አንዲት ተማሪያችን እጇን አወጣችና፣ «ወንድሜ በ40 ቀኑ ክርስትና ተነሣ፣ እኔን ለምን እስከ 80 አስጠበቁኝ?» አለችን። በዕለቱ በደንብ ስላልመለስንላት እዚህ እንመልሳለን። ትምህርት ቤታችን የሁሉም እምነት ቤተሰቦች ስለሆነ፣ የምናወራው ስለ ታሪኩ ነው።

ኦሪት ዘፍጥረት አዳምና ሔዋን ገነት የገቡበትን ቀን አይቆጥርም። የሚቆጥረው መጽሐፈ ኩፋሌ ነው። በኩፋሌ አዳም በተፈጠረ በ40 ቀኑ፣ ሔዋን ደግሞ በ80 ቀኗ ገነት ገቡ። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ለወላድ እናት የሚያዘውን 40 እና 80 ቀንም ከዚሁ ጋር ያያይዘዋል። የክርስትናችን ቀንም ከዚህ ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው።

ኩፋሌ የተጻፈው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት፣ በዕብራይስጥ ነበር። ከዚያ ግን ዕብራይስጡ ጠፋ፤ የግሪክኛው ትርጉምም ከጥቅሶች በቀር አልቆየም። መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግዕዝ ብቻ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት ስለምትቆጥረው፣ ጸሐፊዎቻችን ብራና እየፋቁ በእጃቸው ሲገለብጡት ኖሩ። ቤተ እስራኤሎችም ጠብቀውታል። ከ1947 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ፣ በቁምራን ዋሻዎች የዕብራይስጡ ቁርጥራጮች ሲገኙ፣ ሊቃውንት ከግዕዙ ጋር አስተያዩአቸው። ግዕዙ ምን ያህል በጥንቃቄ እንደቆየ ያኔ ታየ።

እኛን አስተማሪዎቹን የነካን ግን ሌላ ቦታ ነው። ኩፋሌ እንደሚለው በገነት እንስሳት ሁሉ በአንድ ቋንቋ ይናገሩ ነበር፤ አዳም ከገነት በወጣ ቀን አፋቸው ተዘጋ። ከባቢሎን ግንብ በኋላ ደግሞ ያ የፍጥረት ቋንቋ፣ ዕብራይስጥ፣ ከሰው አፍ ጠፋ። በስንት ትውልዱ መልአክ መጥቶ የአብርሃምን አፍና ጆሮ ከፈተለት። አብርሃምም ቋንቋውን ከተማረ በኋላ የአባቶቹን መጻሕፍት አውጥቶ ገለበጠ፣ ስድስቱን የዝናብ ወራትም ሲያጠናቸው ቆየ። ያልገባውን መልአኩ ያስረዳው ነበር።

ሎስ አንጀለስ ላይ እንዲህ ያለ ዝናብ የለም፣ ያሉን ቅዳሜዎች ናቸው። ፌርፋክስ ላይ ከ2002 ጀምሮ «ትንሿ ኢትዮጵያ» የሚል ስም አለን፤ ልጆቻችን ግን በአማርኛ ስንጠይቃቸው በእንግሊዝኛ ይመልሱልናል። ደክሞን ስንመጣ እኛም በእንግሊዝኛ እንቀጥላለን። እውነት ለመናገር፣ እኛ አስተማሪዎቹም ቤታችን ስንገባ ይኸው ነው።

እስቲ በዚህ ሳምንት እራት ላይ ለልጅዎ በአማርኛ ይንገሩት፦ በስንት ቀኑ ክርስትና እንደተነሣ፣ ወይም በእምነታችሁ ስም የወጣለት መቼ እንደሆነ፣ ማን እንዳቀፈው፣ ምን እንደተበላ። የሰማውን ቅዳሜ ለክፍል ጓደኞቹ ይተርክልናል። ቃል ቢጠፋው እኛ አለን።

የበጎ ፈቃድ አስተማሪዎቻችሁ