የወጋም፣ የተወጋም

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። አባባሉ ሁለት ሰዎችን ለየብቻ ያቆማል፤ አንደኛው ወግቶ የሄደ፣ ሌላኛው ቁስሉን ታቅፎ የቀረ። ለመሆኑ ወጊውም ተወጊውም አንድ ቢሆንስ? የቱን ያስታውሳል? የቱንስ ይረሳል?

ጃፓን እንዲህ ያለች አገር ነች። በ1910 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ኮሪያን ጠቅልላ ያዘች፤ በ1931 ማንቹሪያ ገባች፤ በ1937 ቻይናን በሙሉ ኃይሏ ወረረች፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ናንጂንግ በተባለችው ከተማ ወታደሮቿ ለሰሚ የሚሰቀጥጥ ግፍ ፈጸሙ። በ1945 ደግሞ የራሷ ከተሞች ተራ በተራ በእሳት ጋዩ፤ ሂሮሺማና ናጋሳኪም በአቶሚክ ቦምብ ወደሙ። ከዚያ ወዲህ የተወለደው ጃፓናዊ ይህን ሁሉ ያወቀው ከመምህሩና ከመማሪያ መጽሐፉ ብቻ አይደለም። ከካርቱንም ነው።

አንባቢ «ካርቱን» የሚለውን ቃል ሲያይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። እኛ ዘንድ ካርቱን የልጅ ማባበያ ነው። ጃፓኖች ግን በተከታታይ ሥዕል የሚተረከውን መጽሐፍ «ማንጋ»፣ ሥዕሉ ነፍስ ዘርቶ የሚንቀሳቀስበትን ፊልም ደግሞ «አኒሜ» ብለው ልጅም አዋቂም ያነበዋል፤ ያየዋል። ይህ ጸሐፊ ከነዚህ ሥራዎች ፍቅር የያዘው ሰው ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚቀርበው ታሪክም ነው፣ የአንድ ወዳጅ አስተያየትም ነው፤ አንባቢ ሁለቱን ለይቶ እንዲያይ አደራ እላለሁ።

የዘመናዊው ማንጋ አባት እየተባለ የሚጠራው ቴዙካ ኦሳሙ በ1928 ተወለደ። የጦርነቱ ማብቂያ ላይ ተማሪዎች ወደ ፋብሪካ ተልከው ይሠሩ ስለነበር፣ እሱም በ1945 ኦሳካ በአውሮፕላን ስትደበደብ እዚያው ነበር፤ ከሞት የተረፈው ለጥቂት ነው። ሕክምና ተማረ፤ ኑሮውን ግን በብዕርና በቀለም መሠረተ። በ1952 የጀመረው «አቶም» የተባለው የሮቦት ልጅ ታሪክ በጥር 1 ቀን 1963 በቴሌቪዥን መታየት ሲጀምር፣ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የጃፓን የቴሌቪዥን አኒሜ መንገዱን ያዘ። ልብ በሉ፤ በአቶሚክ ቦምብ የተቃጠለ ሕዝብ ልጆች የወደዱት ጀግና በአቶም ኃይል የሚንቀሳቀስ ልጅ ነው። ቴዙካ ወደ ጦርነቱ ፊት ለፊት የተመለሰው ዘግይቶ፣ ከ1983 እስከ 1985 ባወጣው የሦስት አዶልፎች ታሪክ ነው። አንደኛው ሂትለር ራሱ ነው። ሁለቱ በኮቤ ከተማ አብረው ያደጉ ልጆች ሲሆኑ፣ አንዱ አይሁዳዊ፣ ሌላው ከጀርመናዊ አባትና ከጃፓናዊት እናት የተወለደ ነው። በእኔ አስተያየት መጽሐፉ አጋጣሚ ይበዛበታል፤ ሰው በፈለገው ቦታ ሁሉ የፈለገውን ሰው ያገኛል። ሆኖም የትናንት ተበዳይ የነገ በዳይ ሊሆን እንደሚችል ሳይፈራ የተናገረ ሥራ በመሆኑ ይህን ጉድለቱን እተውለታለሁ።

ናካዛዋ ኬይጂ ግን ለአጋጣሚ ጊዜ አልነበረውም። ነሐሴ 6 ቀን 1945 ጠዋት ሂሮሺማ ላይ ቦምቡ ሲወድቅ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። ከትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ቆሞ ስለነበር ግንቡ ከለለው። አባቱ፣ እህቱና ታናሽ ወንድሙ በፈረሰው ቤት ሥር አለቁ። እናቱ በዚያው ዕለት ሴት ልጅ ተገላገለች፤ ሕፃኗም ብዙ አልቆየችም። ናካዛዋ አድጎ የማንጋ ሠዓሊ ሲሆን ስለ ቦምቡ ትንፍሽ ማለት አልፈለገም። በ1966 እናቱ ሞተች። በጃፓን ልማድ አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ ቤተሰቡ አጥንት ይለቅማል። ከእናቱ አመድ ውስጥ ግን የሚለቀም አጥንት አልተገኘም። የቦምቡ ጨረር የእናቱን አጥንት ሳይቀር ወሰደብኝ ብሎ ተቆጣ። «ባዶ እግሩ ጌን» የተባለውን ረጅም ታሪክ በ1973 በልጆች ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ማውጣት የጀመረው በዚህ ቁጣ ነው።

እውነቱን ለመናገር የናካዛዋ ሥዕል ሸካራ ነው። ሰዎቹ ሁልጊዜ ይጮሃሉ፤ አባት ልጁን የሚወደውን ያህል ይደበድባል፤ ቀልዱም የመንደር ቀልድ ነው። ነገር ግን የጌን አባት ጦርነቱን በመቃወሙ የሚታሰር፣ በጎረቤቶቹ «ከሃዲ» ተብሎ የሚሰደብ ሰው ነው፤ የደራሲው አባትም ለዚሁ አቋሙ ታስሮ ነበር። አባትየው ለልጁ ኮሪያውያንና ቻይናውያን ተገደው ወደ ጃፓን እንደመጡና ግፍ እንደተፈጸመባቸው ይነግረዋል። ቦምቡ ከመውደቁ በፊት አንባቢው ቦምቡን ስላመጣው ጦርነት ሰምቷል ማለት ነው።

ይህ እውነት ዋጋ አስከፍሎታል። ደራሲው ባረፈበት በታኅሣሥ 2012 የማትሱዌ ከተማ ትምህርት ቦርድ፣ የጃፓን ወታደሮች በእስያ የፈጸሙትን ጭካኔ የሚያሳዩት ሥዕሎች ለልጅ አይሆኑም በማለት መጽሐፉ በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ከመደርደሪያ እንዲነሳ አዘዘ። ነገሩ በነሐሴ 2013 ሲታወቅ ተቃውሞ ተነሳና ትእዛዙ በዚያው ወር ተሻረ። በ2023 ደግሞ የሂሮሺማ ከተማ ትምህርት ቦርድ ራሱ መጽሐፉን ከሰላም ትምህርት ማስተማሪያው ውስጥ አወጣው። በሂሮሺማ ልጅ የተጻፈ የሂሮሺማ ታሪክ!

ከዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያነሳው «የአብሪ ትሎች መቃብር» ነው። ይህን አኒሜ ታካሃታ ኢሳኦ የሠራው በ1988 ሲሆን፣ መነሻው ኖሳካ አኪዩኪ በ1967 ያሳተመው አጭር ልቦለድ ነው። ሁለቱም ከእሳት የተረፉ ናቸው። ታካሃታ በዘጠኝ ዓመቱ የኦካያማን መቃጠል አይቷል። ኖሳካ ከኮቤ ድብደባ በኋላ አብራው የምትኖር የማደጎ እህቱን በረሃብ አጥቷል፤ ለእሷ የሚገባውን ምግብ ራሱ ይበላ እንደነበርም አልደበቀም። በፊልሙ ውስጥ የአሥራ አራት ዓመቱ ሴይታ የአራት ዓመት እህቱን ሴትሱኮን አዝሎ ይንከራተታል፤ በመጨረሻም ሁለቱም በረሃብ ያልቃሉ። እኔ ፊልሙን ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሦስተኛ ለማየት አቅም የለኝም።

በአሠራር ረገድ ከሁሉም የላቀ ነው ባይ ነኝ። ግን አንድ ነገር ይጎረብጠኛል። በፊልሙ ውስጥ ጦርነት እንደ ዝናብ ከሰማይ ይወርዳል። ማን ጀመረው? ለምን? የሴይታ አባት የባሕር ኃይል መኮንን ነው፤ ልጁም በአባቱ መርከብ ይኮራል። ያ መርከብ የት ሄዶ ማንን ሲወጋ እንደነበር የሚጠይቅ የለም። ታካሃታ ራሱ ፊልሙ ፀረ ጦርነት ተብሎ ሲወደስ አይስማማም ነበር፤ ከሰው ተለይተው ለብቻቸው ለመኖር የሞከሩ የሁለት ልጆች ታሪክ ነው ይል ነበር። ቃሉን እቀበላለሁ። ተመልካቹ ግን አልቅሶ ሲነሳ የሚቀረው የተወጋው ብቻ ነው።

በዚህ በኩል የኮኖ ፉሚዮ «በዚህ የዓለም ጥግ» ይሻላል። ደራሲዋ በ1968 ሂሮሺማ የተወለደች፣ ጦርነቱን ያላየች ናት። ከ2007 እስከ 2009 ባወጣችው ማንጋ ሱዙ የተባለች ልጃገረድ የባሕር ኃይል ወደብ ወደሆነችው ኩሬ ትዳራለች፤ ጎመን ትቀቅላለች፤ ልብስ ትሰፋለች፤ ሥዕል ትሥላለች። ከዚያ ቦምቡ የምትሥልበትን ቀኝ እጇን ይወስደዋል። ጃፓን እጅ ስትሰጥ ሱዙ አንድ ነገር ታያለች፤ ከቤቶቹ መሀል የኮሪያ ባንዲራ ተሰቅሏል። በዚያች ቅጽበት አገሯ ሌላውን በጉልበት ትገዛ እንደነበር ይገባታል። ካታቡቺ ሱናኦ በ2016 ወደ አኒሜ ሲለውጠው ንግግሯን ቀየረው፤ ሱዙ ሰውነቴ የተሠራው ከባሕር ማዶ በመጣ ሩዝና አኩሪ አተር ነው ትላለች። ማንጋው በቀጥታ ይናገራል፤ ፊልሙ በምግብ ይናገራል። ጎመን ስትቀቅል ላየናት ሴት ከአፏ የሚስማማው የምግቡ ነውና እኔ የፊልሙን እመርጣለሁ።

ከሁሉ አስበልጠህ የቱን ትመርጣለህ ለሚለኝ ግን መልሴ ሚዙኪ ሺጌሩ ነው። ሚዙኪ በ1922 ተወልዶ በወታደርነት ወደ ኒው ብሪተን ደሴት፣ ራባውል ተላከ። በአውሮፕላን ድብደባ ግራ እጁን አጣ። በቀረው እጁ የመናፍስትና የጭራቆች ታሪክ እየሣለ ዝነኛ ሆነ። በ1973 ባወጣው የጦርነት መጽሐፍ ግን «በክብር ሙቱ» የተባለ አንድ የጦር ክፍል ታሪክ ይተርካል። ከመጨረሻው ፍልሚያ በሕይወት የተመለሱት ወታደሮች፣ መሞታቸው አስቀድሞ ለበላይ ስለተነገረ፣ መኖራቸው ወንጀል ሆኖ እንደገና ሄደው እንዲሞቱ ይታዘዛሉ። ደራሲው ዘጠና በመቶው የሆነ ነገር ነው ብሏል። መጽሐፉ ሲከፈት ግን የሚታየው ሌላ ነው፤ ወታደሮቹ ለሠራዊቱ መደሰቻ ወደ ደሴቲቱ በመጡት ሴቶች ደጃፍ ተሰልፈዋል። በኋላ የምናዝንላቸው እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ሚዙኪ ሰዎቹን እንደ ቀልድ አሻንጉሊት፣ ጫካውን እንደ ፎቶግራፍ አድርጎ ይሥላል። በመጨረሻዎቹ ገጾች አሻንጉሊቶቹ ይጠፉና እውነተኛ ሬሳ ይቀራል።

ሚዙኪ በ2015 በ93 ዓመቱ አረፈ። ያዩትና የተረፉት እየጨረሱ ነው፤ ከእነሱ በኋላ የሚቀረው መደርደሪያ ላይ ያለው ነው። ስለዚህም ከመደርደሪያ የሚነሳው የትኛው መጽሐፍ ነው የሚለው ቀላል ጉዳይ አይደለም። የሚያስለቅሰውን የሚያነሳ አልታየም። የተነሳው «እኛስ ምን አደረግን?» የሚለው ነው። አባባሉ የኛ ነውና ጥያቄውም ለኛ ባዕድ አይሆንም።